አሸዋው ረጥቦ ነበር

አዳማ ውስጥ፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር፣ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ብዙም አይወዱኝም። ጠዋት ወደ ገበያ ስወርድ በአጥር ሥር የተቆለለ አሸዋ ካየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አነሣለሁ፣ ጭብጥ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ እጄን ከፍቼ መዳፌን አየዋለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዱ ፎርማን «እማማ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የጠፋብኝስ የለም፤ አሸዋህ ረጥቧል፣ ስታቦካ ውሃ ቀንስ» አልኩት። ከጓደኞቹ ጋር ተያይቶ ሳቀ። አልፈርድበትም። ሥራ የፈታች አሮጊት መስዬው ነው፤ ደግሞም ነኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ልጆቼ «ጻፊው» እያሉ ይወተውቱኛል። አፌ የማያርፍ ሴት ስለሆንኩ ወሬዬን ወረቀት ላይ ጨርሼ ጆሯቸው እንዲያርፍ ፈልገው ይሆናል። እኔ ግን የምጽፈው ለሌላ ነገር ነው። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ዝም ማለት የተማርኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያስተማሩኝን ሰዎች ማመስገን እፈልጋለሁ።

ሥራዬ መስበር ነበር። ፎቅ ወይም ድልድይ ሲሠራ ከሚቦካው ኮንክሪት ላይ ትንሽ ይወሰድና በብረት ሻጋታ ይሞላል። ሲደርቅ አራት ማዕዘን ድንጋይ ይወጣዋል፤ ኩብ እንለዋለን። ኩቡ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይጠነክራል፤ ከዚያ መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ይጫናል። ስንት ችሎ እንደተሰበረ አይተን ይህ ኮንክሪት ሰው ይሸከማል ወይም አይሸከምም እንላለን። በዚህ ሥራ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ጅማ፣ ከጅማ አዋሽ ስዞር ኖርኩ። ኮምቦልቻ የነበረው አለቃዬ ናሙናው ሳይደርስ ውጤቱ እንዲደርስለት የሚፈልግ ሰው ነበር። የጅማው ደግሞ አቧራ ስለሚፈራ ላቦራቶሪውን በመስኮት ነበር የሚጎበኘው። ደመወዙን አላማርርም፤ ሁለት ልጆች አሳድጎልኛል።

ጁባ የሄድኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 መጀመሪያ ነው። የጠሩኝ ጋሽ ኦጁሉ ናቸው። ጋሽ ኦጁሉ ደቡብ ሱዳናዊ ናቸው፤ አኙዋክ። በልጅነታቸው በስደት ጋምቤላ ገብተው፣ እዚያው ተምረው፣ አዲስ አበባ በመንገድ ላቦራቶሪ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። እኔ ገና ጀማሪ ሳለሁ ሻጋታ እንዴት እንደሚቀባ ያሳዩኝ እሳቸው ነበሩ። አገራቸው ነፃ ስትወጣ ተመለሱና ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ የሆነ የአንድ የግል መፈተሻ ድርጅት የጁባ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኑ። አንድ ቀን ደወሉልኝ።

«ወይኒዬ፣ እዚህ ሁሉም ይገነባል፣ የሚሰብር ግን የለም።»

«ጋሽ ኦጁሉ፣ እኔኮ ወደ ጡረታ ነው የማየው።»

«ነይና ከዚህ ሆነሽ እይው» አሉኝ።

ላቦራቶሪያችን ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ኮንቴይነሮች የተደረደሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። አውሮፕላን ሲነሣ ሚዛኑ ይንቀጠቀጣል፤ እስኪያልፍ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቆማለን። ከእኔና ከጋሽ ኦጁሉ ሌላ ሹፌርና ዘበኛ ነበሩ። ግቢውን የምታጸዳው ማማ ሮዳ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትርቅ የማላኪያ ሰፈር ሴት። ደንበኛ ሲመጣ ናሙና የምትቀበለው ደግሞ ኪዴን የምትባል የሎሎጎ ሰፈር ልጅ ነበረች። ኪዴን ረጅም፣ ቁጥብ፣ እናቷንና ታናናሾቿን በዚህች ሥራ የምታኖር ልጅ ናት። ከሁለቱ ሴቶች ጋር የምንግባባው በእንግሊዝኛ፣ በተሰባበረው የጁባ ዓረብኛዬና በእጅ ምልክት ነው። እዚህ የተናገሩትን በአማርኛ ስጽፈው ከነበረው ይልቅ ለስላሳ መስሎ ይታያል።

ጋሽ ኦጁሉ ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው የዓርብ ዜና ነው። በየዓርቡ ከናይሮቢ የሠራተኞች ዜና በኢሜይል ይመጣል፦ እገሌ ዕድገት አገኘ፣ እገሊት ሥልጠና ጨረሰች፣ የካምፓላ ቅርንጫፍ በእግር ኳስ ዋንጫ በላ። የጁባ ስም አንድም ቀን አይነሣም። እሳቸው ግን ሁላችንንም ኩቦቹ በሚተኙበት ገንዳ ዙሪያ ሰብስበው ከዳር እስከ ዳር ያነቡልናል፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በዓረብኛ፣ ለእኔ ደግሞ በአማርኛ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን ያወልቁና «አሁን የጁባ ዜና» ይላሉ። «የገንዳው ፓምፕ ተጠግኗል። ማማ ሮዳ የልጅ ልጅ አይታለች። ወይዘሮ ወይንሸት ኮኞ ኮኞ ገበያ ሄዳ ቲማቲም ገዝታለች፤ ከሻጯ ጋር ተጣልታ፣ እዚያው ታርቃ ተመልሳለች።» ይህን ሁሉ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ነው የሚሉት።

ሁለተኛው ልማዳቸው ግምት ነው። ማንኛውም ኩብ ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ቁልፉ ሳይነካ፣ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ስንት ላይ እንደሚሰበር ጮክ ብሎ ይናገራል። ኩቡን ያመጣው ሰው እንኳ አይቀርለትም። «ማሽኑ ከተናገረ በኋላ ሁሉም አዋቂ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ሆቴል የሚሠራ ያገሬ ሰው ኩቦቹን ይዞ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ በዓል ሲደርስ ጠርቶ የሚያበላን። ፈንጠር አድርጎ ወሰደኝና «እትዬ ወይንሸት፣ እንግዲህ እንደ አገር ልጅ እይልኝ» አለኝ። ጋሽ ኦጁሉ አማርኛቸው ከሁለታችንም ስለሚሻል ከሩቅ ሰሙት። «ና ወንድሜ፣ አንተው እየው» ብለው ማሽኑ አጠገብ አቆሙት። «ስንት ይችላል?» ሰውየው «ሠላሳ» አለ። ሃያ አንድ ላይ ተሰበረ፤ የሚፈለገው ሃያ አምስት ነበር። ለካ ውሃ አብዝቶ የሚጨምረው ሠራተኛው እንዳይደክመው ብሎ ነው፤ የቀጠነ ኮንክሪት ለአካፋ ይቀላል፣ ሲደርቅ ግን አይጠነክርም። ምሰሶዎቹን አፍርሶ ሠራቸው። ከዚያ በኋላ ኩብ ባመጣ ቁጥር ራሱ ነበር ግምቱን ቀድሞ የሚናገረው፤ እየዋለ እያደረም ከእኔ በልጦ ማግኘት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ክረምት ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሣ። የውጭ አገር ሠራተኞች እንድንወጣ ተደረገና እኔም በተገኘው አውሮፕላን አዲስ አበባ ገባሁ። ስመለስ ብዙ ነገር የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መብራት ጠፍቷል፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ግማሹ ደንበኛ አገር ጥሎ ሄዷል። ገንዳው ግን እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ጋሽ ኦጁሉ ተኩሱ ጋብ ሲል መጥተው ነበር፤ ኪዴን ግን ቀድማቸው ደርሳ በጀሪካን ውሃ እየቀዳች ስትሞላ አገኟት። ኩብ ከውሃ ወጥቶ ከደረቀ ውጤቱ አይታመንም፤ ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም፣ ስንነጋገር ሰምታ ነው። የኩቦቹ ባለቤቶች ይመለሱ አይመለሱ የሚያውቅ የለም።

«ባይመጡስ ኖሮ?» አልኳት።

«ከመጡስ?» አለችኝ።

ጋሽ ኦጁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ከናሙና መቀበያው አንሥተው ማሽኑ ጋ አቆሟት። ሥልጠናው በዚያ ተጀመረ። እኔ አስተማሪዋ ሆንኩ፤ ያን ያህል የሚሰማ ተማሪ አይቼ አላውቅም። አሸዋን በወንፊት መለየት፣ ኮንክሪቱን በሦስት ዙር እየሞሉ በዘንግ መጠቅጠቅ፣ ኩቡን ማሽን ውስጥ ሲያስገቡ ለስላሳውን ጎን ወደ ላይ ማድረግ፣ አንዴ ካሳየኋት አይደገምም። ስታጠፋ እኔ ቶሎ እናገራለሁ። ጋሽ ኦጁሉ ግን ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ስህተቱን ራሷ እስክትደርስበት መነጽራቸውን ይወለውላሉ። እንዲያ ሲያደርጉ እኔ እንደ ጉድ እናደድ ነበር።

በ2017 መጀመሪያ፣ አንድ ዓርብ፣ የጁባ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ዜናው ላይ ወጣ። ጋሽ ኦጁሉ ማንበብ ጀምረው አቆሙና ድምፃቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። የውጭ ሠራተኛ ባስወጡ ቁጥር ሥራ ስለሚቆም፣ ጁባ ውስጥ የኮንክሪት ፈተና ምስክር ወረቀት ያለው ደቡብ ሱዳናዊ ከሌለ ቅርንጫፉ በዓመቱ መጨረሻ ይዘጋል ይላል። ምስክር ወረቀቱ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ዓይናቸውም ደክሟል። ሁላችንም ኪዴንን አየናት። እሷ ገንዳውን ታያለች።

ያን ዕለት የጁባ ዜና አጭር ነበር። «ኪዴን ትፈተናለች» አሉ፤ አለቀ።

ፈተናው እንዲህ ነው። ተፈታኟ በፈታኙ ፊት ከአሸዋው ጀምራ ራሷ መጥና፣ ራሷ አቡክታ፣ ራሷ ኩብ ትሠራለች። ከሃያ ስምንት ቀን በኋላ ፈታኙ ተመልሶ ሲሰበር ያያል። የታዘዘው ሲ-ሃያ አምስት ነው፤ ከሃያ አምስት ካነሰ ወደቀች ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ውሃው ነው። አሸዋ በሆዱ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ከማቡካት በፊት ጥቂቱን መዝኖ፣ በመጥበሻ አድርቆ፣ እንደገና መዝኖ ስንት ውሃ እንደያዘ ማወቅና ያንኑ ያህል ከሚጨመረው ላይ መቀነስ ያስፈልጋል። ኪዴን ይህን በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አደረገችው። አሸዋው ደረቅ ነበር። በሸራ ሸፍናው ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ፈታኙ ሚስተር ሙቲሶ ከናይሮቢ በጠዋቱ አውሮፕላን መጡ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ግቢው ተጠርጎ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ቀዩ አፈር ጸጥ ብሎ ተቀበላቸው። ጁባ ውስጥ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ይደረጋል፤ ጫማውና ልብሱ ላይ አቧራ እንዳይነሣ። ማማ ሮዳ ከሌላው ቀን ቀድማ መጥታ ነበር። «ኢታ ክዌስ?» ብዬ ደህንነቷን ስጠይቃት ለኪዴን ስትጸልይ እንዳደረች ነገረችኝ።

ጋሽ ኦጁሉ ግድግዳው ጥግ አቆሙኝና አስጠነቀቁኝ። «የሚፈተን እጅ አይነካም ወይኒዬ። አፍም ያው እጅ ነው።»

ኪዴን ሸራውን ገለጠችው። ከቆምኩበት ሆኜ አየሁት፤ አሸዋው ጠቁሯል። ማማ ሮዳ አቧራ እንዳይነሣ ብላ ግቢውን ስታረጥብ ሸራውን ገልጣ አሸዋው ላይም አርከፍክፋ፣ መልሳ አሳምራ ሸፍናው ኖሯል። ኪዴን ግን ዓይኗ ሚዛኑ ላይ ነው፤ ሚስተር ሙቲሶ አጠገቧ ቆመዋል። አካፋውን አሸዋው ውስጥ ሰካች።

አፌን ስከፍት እጅጌዬ ተያዘ። ጋሽ ኦጁሉ ወደ እኔ አላዩም፤ ፊት ለፊት እያዩ ነው አጥብቀው የያዙኝ። እሳቸውም አይተዋል። ሳብ አደረግኩ፣ አልለቀቁኝም። ኪዴን የትናንቱን ልክ ይዛ ውሃውን መጥና ጨመረች።

ከቡኮው በኋላ ስላምፕ የሚባል አለ። ኮንክሪቱ ጫፉ በተቆረጠ የብረት ቆብ ይሞላና ቆቡ ወደ ላይ ይነሣል፤ ስንት ዝቅ እንዳለ ይለካል። ኪዴን ቆቡን ስታነሣው ኮንክሪቱ መቆም አቅቶት ተንሸራተተ። ደግሞ ማቡካት አይፈቀድም። ከዚያ ለካችና ልኩን ሳትቀንስ ሳትጨምር ለሚስተር ሙቲሶ ነገረቻቸው። ሻጋታዎቹን በሦስት ዙር ሞላች፣ ጠቀጠቀች፣ ላያቸውን አስተካከለች። እንከን የሌለው እጅ ነበር።

እንግዳው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ኦጁሉን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አገኘኋቸውና አፌ እንዳመጣ ተናገርኳቸው። ሃያ ስምንት ቀን የልጅቷን ሬሳ ሊያስጠብቁኝ ነው ወይ ሳልላቸው አልቀረሁም።

«አንድ ቃል ነበር እኮ ጋሽ ኦጁሉ። ‹አሸዋው› ብል ይበቃ ነበር።»

«ይበቃ ነበር» አሉ።

«ቤቱ ይዘጋል። ሮዳ፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም።»

«አውቃለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ አዲስ አበባ ስፈተን ሚዛኑን በተሳሳተ ቦታ ላነብ ስል አስተማሪዬ ‹እህ› ብለው አሳሉ። ገባኝ፣ አረምኩ፣ አለፍኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ባሳለ ቁጥር ያነበብኩትን ደግሜ አነባለሁ። ሰው ባላሳለ ጊዜስ? አምስት ዓመት ሙሉ ፈርሜ እንቅልፍ አልወስድ ይለኝ ነበር። እኔና አንቺ ከዚህ እንሄዳለን ወይኒዬ። ማን ሊያስልላት ነው?»

ለብዙ ቀን ሰላምታዬን እንኳ በአፍንጫዬ ነበር የምሰጣቸው። እሳቸውም አልከፋቸውም፤ ጠዋት ጠዋት ሻይ ቀድተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡልኛል፣ እኔም እጠጣዋለሁ፣ አላመሰግንም። የኪዴን ኩቦች ውሃ ውስጥ ተኝተዋል። እሷ ምንም አልጠየቀችንም፤ ገንዳው አጠገብ ስትደርስ ግን እርምጃዋ ይቀዘቅዛል።

ቀኑ ደረሰና ሚስተር ሙቲሶ ተመለሱ። ኪዴን የመጀመሪያውን ኩብ ጠራርጋ ማሽን ውስጥ አስገባች። ጋሽ ኦጁሉ እንደ ልማዳቸው «ግምት?» አሉ። እንግዳው ግራ ገባቸው፤ ሲነገራቸው ፈገግ አሉ። ሹፌሩ «ሠላሳ» አለ። ማማ ሮዳ «መቶ» አለች። እኔ እያወቅኩት «ሃያ አምስት» አልኩ፤ ሌላ ቁጥር ከአፌ አልወጣ አለኝ። ጋሽ ኦጁሉ «አሥራ ዘጠኝ» ሲሉ ሹፌሩ በጣም ነበር ያዘነባቸው።

«አንቺስ?» አሉ ሚስተር ሙቲሶ።

ኪዴን እጇን ኩቡ ላይ አሳረፈች። ከዚያ «አሥራ ስምንት» አለች። «ውሃው በዝቷል። ቆቡን ሳነሣ ነው ያወቅኩት። ከየት እንደመጣ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ሳስበው አሸዋውን በዕለቱ እንዳልመዘንኩት ትዝ አለኝ። ቤት ቢሠራበት ይህን ኮንክሪት አላሳልፈውም።»

ቁልፉን ራሷ ነካችው። ቁጥሩ ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ፤ አሥራ ስምንትን ትንሽ እንዳለፈ ኩቡ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እዚያው አካባቢ ነበሩ። የማሽኑ ጩኸት ሲቆም ሮዳ በሹክሹክታ «አለፈች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሚስተር ሙቲሶ መውደቋን ነገሯት። ሕጉን ማጠፍ እንደማይችሉ፣ ወረቀቱም ላይ ወድቃለች ብለው እንደሚጽፉ ነገሯት። ቦርሳቸውን ዘግተው ከተነሡ በኋላ ግን ቆም አሉ። «ብዙ ፈትኛለሁ» አሉ። «የራሱ ኩብ እንደሚወድቅ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አላጋጠመኝም። ናይሮቢ ላይ አንድ ተጨማሪ ዕድል እጠይቅልሻለሁ። ቃል አልገባም።»

የዚያን ሳምንት የጁባ ዜና ይህ ነበር፦ «ኪዴን ወድቃለች። ኮንክሪቷ ስንት እንደሚሸከም ግን ከማሽኑ በፊት ነግራናለች።» ጋሽ ኦጁሉ ይህን ብለው መነጽራቸውን ሳያደርጉ ቆዩ። እኔም ያን ቀን ጠዋት የቀዱልኝን ሻይ አመሰገንኳቸው።

ሮዳ ነገሩን የደረሰችበት ኩቦቹ በተሰበሩ ዕለት ነው። ‹ውሃ፣ ውሃ› ሲባል ስትሰማ ቆይታ ባልዲዋን አየች። እያለቀሰች ኪዴን ጋ ሄደች። «ማሌሽ፣ ልጄ። ውሃው የእኔ ነው» አለቻት። ይቅርታ መጠየቋ ነው። ኪዴን ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። «አንቺ ለእንግዳ ግቢ አረጠብሽ። አሸዋውን መመዘን የእኔ ሥራ ነበር» አለቻት። ሮዳ ግን እንባዋን ጠርጋ «እንግዲያው አሳዪኝ፤ የረጠበ አሸዋ ምን ያደርጋል?» አለች። ኪዴን ከደረቁም ከርጥቡም አንድ አንድ እፍኝ ሰጥታ አስጨበጠቻት። ደረቁ በጣቶቿ መሐል ወረደ፤ ርጥቡ እንደተጨበጠ ቀርቶ መዳፏ ላይ ውሃ ተወ። ሮዳ ደጋግማ ጨበጠችው። ከዚያ ወዲህ መጥረጊያዋን አስቀምጣ እኛ ጋ የማትቆምበት ቀን አልነበረም።

ናይሮቢ ተጨማሪ ዕድሉን ፈቀደ፤ እስከሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ። በዚያ መሐል የጋሽ ኦጁሉ ጊዜ ደረሰና ጋምቤላ ያለችው ልጃቸው ጋ ሄዱ። ስንሰናበት ብዙ ልናገር አስቤ ነበር። «ጋሽ ኦጁሉ፣ ያኔ…» ብዬ ስጀምር «እጅጌሽ ተተርትሮ ይሆን?» አሉኝና ሳቅን። ሻጋታ መቀባት ያስተማሩኝ ሰው ዝም ማለትንም አስተምረውኝ ሄዱ። አመሰግናቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት የነገርኳቸው ግን ግማሹን ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሲደርስ ሮዳ እንግዳ ይመጣል ቢባልም ግቢውን ውሃ አላስነካችም። በደረቁ ጠርጋ ሚስተር ሙቲሶን ቀይ አቧራ አለበሰቻቸው። ኪዴን ሸራውን ገለጠች፣ አሸዋውን ጨበጠች፣ ከዚያም ከፊታቸው መዝና በመጥበሻ አደረቀችው። እኔ ብቻዬን ግድግዳው ጥግ ቆሜያለሁ። የሚይዘኝ ስለሌለ የራሴን እጅጌ በራሴ እጅ ያዝኩ። መሐል ላይ አቧራው ሚስተር ሙቲሶን አሳላቸው። ኪዴን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ወደ ሚዛኑ ተመልሳ ያነበበችውን እንደገና አነበበች። ልክ ነበረች፤ ቀጠለች። የጋሽ ኦጁሉን ሳል ታሪክ የነገርኳት እኔ ስለሆንኩ ሳቄን ለመያዝ ተቸገርኩ።

ሲሰበር «ሃያ ዘጠኝ» ብላ ገመተች። ሃያ ስምንትን አልፎ ሄዶ ተሰበረ። አለቀስኩ፤ አላፍርም። ጋምቤላ ስንደውል መስመሩ እየተቆራረጠ ጋሽ ኦጁሉ «ስንት ገመተች? ስንት?» ይላሉ፤ ማለፏን አልጠየቁም። በቀጣዩ ዓርብ ዜናው ላይ የጁባ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ፣ ከኪዴን ስም ጋር። ቅርንጫፉ አልተዘጋም።

የእኔ መሰናበቻ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ደረሰ። ዓርብ ነበር። ኪዴን ሁሉንም ገንዳው ዙሪያ ሰብስባ የናይሮቢውን ዜና አነበበች፤ የእኔ ጡረታ በአንድ መስመር ሰፍሯል። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና ፊቷን ኮስተር አድርጋ «አሁን የጁባ ዜና» አለች። «ማማ ወይኒ ትሄዳለች። የኮኞ ኮኞ ቲማቲም ሻጮች ከሰኞ ጀምሮ ያርፋሉ። ገንዳው ሙሉ ነው። ማማ ሮዳ ዛሬ ትፈተናለች።»

ይህ የመጨረሻው ዜና ለእኔም አዲስ ሆነብኝ። ኪዴን ሮዳን ለናሙና ሠራተኛነት ስታሠለጥናት ቆይታ የመጀመሪያ ሙከራዋን ያደረገችው እኔ እንዳይ ነው። ጠዋቱን ካፊያ ጥሎ ነበር። ሮዳ ሸራውን ገለጠች፤ ነፋስ አንዱን ጫፍ ገልጦት ኖሮ አሸዋው በዚያ በኩል ጠቁሯል። ሮዳ ቁጥሩን በአፏ እያነበነበች አካፋውን አነሣች። ሃምሳ ምናምን ዓመት የተናገረ አፌ ዛሬም አላስችል አለው፤ ልከፍተው ስል እጅጌዬ ተያዘ። ኪዴን ወደ እኔ አላየችም፤ ፊት ለፊት ሮዳን እያየች አጥብቃ ይዛኛለች።

ሮዳ አካፋውን ልትሰካ ስትል ቆመች። አካፋውን መሬት ላይ አጋደመችው። ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አነሣች፣ ጨበጠች፣ እጇን ከፍታ መዳፏን አየችና ወደ መጥበሻው ሄደች። ያኔ ኪዴን እጅጌዬን ለቀቀችኝ።